ሻኛ ፈልጎ እጅ ያወጣ መንደር

ፈጠነች ከጎረቤቷ ከአሳየሽ ጋር የምታወራው በወላይትኛ ነው። በወላይትኛ አድገው፣ በወላይትኛ ተድረው፣ አንድ አጥር ተካፍለው በወላይትኛ ስንት ጊዜ ተጣልተው ታርቀዋል። ስለዚህ የዚያን ዕለት ጠዋት ከሶዶ ገበያ ሲመለሱ፣ ኤርሳዶ በሚነዳው ባጃጅ ውስጥ ፈጠነች በድንገት አማርኛዋን ስታወጣ፣ አሳየሽ ነገር እንዳለ ወዲያው ገባት። ፈጠነች አማርኛ የምታወጣው ለቢሮ፣ ለሐኪም እና ለነገር ብቻ ነው።

ነገሩ ደግሞ መሃላቸው ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በሚሠራው ትልቅ የመኖሪያ ቤቶች መንደር የአካባቢና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነው፤ ግንባታው በጎረቤት ላይ ጉዳት እንዳያደርስ እንዲጠብቅ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋ፣ ወላይትኛ የማይሰማ ሰው። ፈጠነች ስሙን ስላልጠራች እኛም አንጠራውም። የፕሮጀክቱ መኪና እንግዶች ሊያመጣ ሄዶበት መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ባጃጇን ሲያስቆም ፈጠነች ፈጥና ወረደችና «መሃል ይግቡ ወንድሜ፣ ዳሩ ነፋስ ነው» አለችው። ነጭ የራስ ቁሩን እንዳደረገ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ያለች የጽድ ችግኝ አቅፎ ገባ። እሷም ተከትላ ገብታ መውጫውን ዘጋችበት።

የፈጠነች ጭን ላይ ከገበያ የገዛቻቸው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ነበሩ። አፈር ሞልታ ጓሮዋ ዳር ልትደረድራቸው ነው። በሚያዝያ የጣለ አንድ ዝናብ ከአዲሱ መንደር በቦይ ወርዶ፣ ጎደሬዋን ጠራርጎ ማድ ቤቷ ገብቶ ነበር። ቦዩ ወንዝ ድረስ መዝለቅ ሲገባው አጥሩ ጋ አልቋል፤ ከአጥሩ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የፈጠነች ጓሮ ነው። ያኔ ቢሮው ድረስ ሄዳ በግልጽ ነግራው ነበር። «እናቴ፣ አስተያየትዎ ተመዝግቧል» አላት። እነሆ አሁን ሰኔ ገብቷል። የሚቀጥለውን ዝናብ እንሰቱም አይችለው፣ ቤቱም አይችለው። በግልጽ የተናገረችው ከተመዘገበባት በኋላ የቀራት መንገድ ዙሪያ ጥምጥሙ ነበር።

«ተመስገን፣ ዛሬስ ፀሐይ ወጣች» ስትል ጀመረች፣ በሰውየው ደረት በኩል አሳየሽን እያየች። «ልብስ ማጠቢያ ቀን ነው... ማታ ግን ዳሞታ ራሱን ተከናንቦ አደረ። ዳሞታ ሲከናነብ ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂያለሽ። ገበያውስ ቢሆን፣ ተወዶ የለም? ጎደሬ እንኳ ተወደደ። እኔ ጎደሬ ገዝቼ ልብላ አሳየሽ? በእኔ ጓሮ ጎደሬ ያልበላ ጎረቤት ነበረ?»

አሳየሽ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ስለሆነ ለእንዲህ ያለው አይበቃም፤ መስማቱ ግን በደንብ ነው የምትሰማው።

«አላማርርም እኮ። ማማረር ኃጢአት ነው። እንዲያውም ስለ አንድ ሰው እያሰብኩ ነበር የመጣሁት... አንቺ አታውቂውም። የሆነ ሰው ነው፣ የሆነ ቦታ። እንዴት ያለ አሳቢ ሰው መሰለሽ! ሥራውም ማሰብ ነው። ደመወዝ የሚበላው ስለ ጎረቤት በማሰቡ ነው አሉ። እኛ ስለ ጎረቤት የምናስበው በነፃ አይደል? ለዚህ ነው ጥራት የሌለው...

«ቅሬታ ያለበት ሰው እንዳይጨነቅ ብሎ ሳጥን አሠርቷል። ቀለም የተቀባ፣ ቁልፍ ያለው። የት ሰቀለው? ዝናብ እንዳይመታው አጥሩ ውስጥ፣ ቢሮው በረንዳ ላይ። ዘበኛው ደግሞ የራስ ቁር የሌለውን አያስገባም። ቅሬታ ያለው ውጭ ይቆማል፣ ቅሬታ የሌለው ገብቶ ሳጥኑን ይከፍታል... ባዶ ነው። ቅሬታ የሌለበት አገር ከወዴት ይገኛል? ሰማይ ቤት እንኳ አንድ ጊዜ ሰይጣን አጉረምርሞበታል። እዚያ ግን አንድም የለም። እይው እንግዲህ በረከቱን።»

ኤርሳዶ በመስታወቱ አየት አደረገና ቶሎ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ባለሙያው ስልኩን አውጥቶ በጥሞና ይመለከት ጀመር። ስልኩ አልበራም ነበር።

«ደግሞ ሕዝብ ሳያማክር አንዲት ድንጋይ አያነሳም። ይኼንንስ አልክድም። መቼ እንዳማከረን ታስታውሻለሽ? በግፋታ። ዓመቱን ሙሉ ለበሬ ቆጥበን፣ በሬው በተጣለ ቀን። ሌላ ሰው ቢሆን ‹በዓላቸው ነው፣ ሌላ ቀን ልምጣ› ይላል፤ እሱ ግን አሳቢ አይደል... ሰው ሁሉ አንድ ቦታ የሚገኝበት ቀን ሌላ መቼ አለ? መጣ፣ ሰላም አለን፣ ስለ ቤቶች የሆነ ነገር ተናገረ። ማን ይስማው፣ ሁላችን ዓይናችን ቢላዋው ላይ። ሥጋውን የሚመድበው ይኸው ኤርሳዶ ነበር። ‹ሻኛ የምትፈልጉ እጅ አውጡ› አለ። ሻኛ ተብሎ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው አለ? ይኼኔ ነው ፎቶ ያነሳን። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል... እኛ ደግሞ በሬውን አይተን ካሜራውን ሳናይ።

«አሁን ላይኛው በር ላይ ተሰቅለናል፣ በትልቁ። ከፎቶው ሥር ‹ኅብረተሰቡ ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ ሲደግፍ› ይላል። አንቺ ሁለት እጅሽን ነው ያነሳሽው፣ ሁለቴ ደግፈሻል። ኤርሳዶማ ቢላዋውን ሽቅብ አንስቶ... የእሱን ድጋፍ የሚያክል የለም። አልከፋኝም እኮ። እንደኔ ያለችው ሴት ፎቶዋ አደባባይ ላይ የሚሰቀለው መቼ ነው? ሻኛው ግን አልደረሰኝም። ድምፄም እንደዚያው... ለሌላ ሰው ደረሰ።»

ባጃጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ ኤርሳዶ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነው። ባለሙያው ስልኩን ኪሱ መልሶ ችግኟን ወደ ደረቱ ሳብ አደረጋት። ባያደርገው ይሻለው ነበር፤ ፈጠነች እስካሁን ችግኟን ረስታት ነበር። አሁን በአንድ ጣቷ ቅርንጫፏን ነካ አደረገቻት።

«ዛፍም ይወዳል፣ ያ ሰውዬ። አንዲት ጽድ አለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተክላታል፣ እንግዳው ሲሄድ ይነቅላታል። ብርድ እንዳይመታት ፕላስቲኳን እንኳ አያወልቅባትም። በጥር ለመጡት እንግዶች የተተከለችው እሷው ናት፣ በጎኗ ቅርንጫፍ ተሰብሮባታል... እንዲህ፣ እንደዚህች አድርጎ። ምስኪን፣ ሥር ሳትሰድ ልታረጅ ነው ብዬ ሳዝንላት ቆይቼ፣ በኋላ ሳስበው እሱ ነው ልክ። ሥር መስደድ ምን ያደርጋል? እኔ ሥር ሰድጄ ምን አተረፍኩ? ጎርፍ መጥቶ የሚያገኘው ሥር የሰደደውን ነው። ጽዷ ብልጥ ናት፣ በባጃጅ ትሄዳለች።»

እዚህ ላይ እንሰቶቹ ትዝ አሏት። ሙሽራ ሆና የገባች ጊዜ አማቷ በእጃቸው ተክለው ያወረሷት ናቸው፤ በክፉ ዓመት ልጆቿን ያወጡላት እነሱ ናቸው። ሌሊት ጣሪያው ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ተነስታ ጓሮዋን ማየት ከጀመረች ሰንብታለች። ፈርታለች፤ መፍራቷን ግን እዚህ ሰው ፊት ማሳየት አልፈለገችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ሳል አለችና ቀጠለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ የድሮ ሰዎች። የእኛ ውሃ ግን ከላይ ነው። ደግሞ የተማረ ውሃ ነው፣ በሲሚንቶ ቦይ፣ ሰልፉን ይዞ፣ ማንንም ሳይገፋ ይመጣል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቦዩ ያልቅና... ከዚያ ወዲያ እንደ ፍጥርጥራችሁ። ሰዉ ውሃ ቤቱ እንዲገባለት ስንት ዓመት ይለምናል፣ ለእኔ ሳልለምን ማድ ቤቴ ድረስ አስገባልኝ። ምን ብዬ ላመስግነው? ወንዙ ድረስ ቢቆፈርማ... አይ፣ እሱን ትንሽ ሰው ይቆፍር። ትልቅ ሰው መዝግቦታል፣ ይበቃል።

«ዛሬ ደግሞ እንግዶች አሉበት መሰለኝ። በላይኛው በር ነው የሚያስገባቸው። ፎቶው እዚያ፣ ጽዷ እዚያ፣ ቦቴው ውሃ የረጨው መንገድ እዚያ። በታችኛው በር ማን ይሄዳል? ጭቃ ነው፣ ጫማ ያበላሻል። እንግዳ ማክበር ከእሱ ይማሩ።»

ባጃጇ ላይኛው በር ደረሰች። የፕሮጀክቱ መኪና ቀድሞ ደርሶ እንግዶቹ ወርደዋል፤ ራሳቸውን ቀና አድርገው ትልቁን ፎቶ ያያሉ። አንዱ ስለ ቢላዋው ይጠይቅ ነበር። ባለሙያው ለመውረድ ተነሳ፤ ግን በአንድ በኩል አሳየሽ ናት፣ በአንድ በኩል ፈጠነች። ፈጠነች ከረጢቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ቀስ ብላ ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ ለእሱ መንገድ በመልቀቅ ፈንታ ሁለት እጆቿን ወደ እንግዶቹ ዘረጋች። እናት እጇን ዘርግታ ስትመርቅ ቆሞ አሜን የማይል ሰው የለም። እንግዶቹ ቆሙ። ባለሙያውም ጽዷን እንዳቀፈ ወርዶ ቆመ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «አንድ ደግ ሰው እያነሳን ነበር የመጣነው፣ እሱን አብራችሁ መርቁልኝ። ያንን ሰው ያሳደገች እናት ትባረክ።»

እንግዶቹ አሜን አሉ። ባለሙያውም አለ፤ ለገዛ እናቱ አሜን ማለት እንዴት ይቀራል?

«ለሰው ሁሉ ቤት ሲያስብ የሚውል ነው፣ ጌታ ለእሱም ከዚሁ መንደር ቤት ይስጠው። ምድር ቤቱን። በታችኛው በር በኩል፣ ከቦዩ አፍ ፊት ለፊት ያለውን።»

እንግዶቹ እንደገና አሜን አሉ። የአንድ ሰው ድምፅ ግን ጎደለ። ባለሙያው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ከእንግዶቹ መካከል መነጽር ያደረገች ጠና ያለች ሴት ነበረች። መጀመሪያ እሱን አየችው፣ ቀጥሎ የፈጠነችን ከረጢቶች፣ ከዚያ ጉብኝታቸውን ከታችኛው በር ቢጀምሩ ምን ይመስለዋል ስትል ጠየቀችው። መልስ ሳትጠብቅም ቁልቁለቱን ያዘች። ሌሎቹ ተከተሏት። ባለሙያው ችግኟን የት እንደሚያስቀምጣት ስላልታወቀው ይዟት ወረደ፤ ታች መንገዱ ጭቃ ነበር።

ፈጠነች ተመልሳ ገባች፣ ኤርሳዶም ባጃጇን በቀስታ ወደ ታች ለቀቃት። ሰውየው አጠገብ ሲደርሱ አንገቷን አወጣች። ፊቷ ላይ እናትነት ብቻ ነበር የሚታየው።

«ጌታ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። በዚያች ቤት ከሚስቱ፣ ከልጆቹ ጋር አርጅቶ ይኑርባት። ከእሱ ከፍ ብሎ የሚኖረው ጎረቤቱም... ልክ እንደ እሱ ያለ አሳቢ ሰው ይሁንለት።»