በጋሽ ዱባለ ትከሻ ያልተሞከረ ዕቃ

ጋሽ ዱባለ፣ ወንበሩን ነቅነቅ አድርገው ካረጋገጡ በኋላ ስለተቀመጡ አሁን የሽኝት ንግግሬን መጀመር እችላለሁ።

እዚህ ሜይፌር ሰፈር፣ የስፖርት ዕቃ ሱቃችን ውስጥ ሥራ የጀመሩ ቀን እኔ ካሸር ላይ ነበርኩ። ባለቤታችን አቶ አምሃ የቤዝቦል ዱላ አውጥተው ሲያሳዩዎት፣ አገላብጠው አዩትና «ለጨዋታ ነው ወይስ ለጠብ?» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ኳስ ሳይጨምር ዱላ ብቻ የሚገዛ ደንበኛ አበቃለት። ሳውቦና ብለው በአገሬው ሰላምታ ይቀበሉትና የት እንደሚጫወት፣ አሠልጣኙ ማን እንደሆነ ሲመረምሩት ስንቱ ተናዶ ወጥቷል። እኛ ስንቆጣ መልስዎ ያው ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የልምምድ ዕቃ አሻሻጭማ ለእርስዎ ከቀማኛ አይሻልም። ያ ሴንሰር ይዞ የመጣው ሰውዬ ትዝ ይላችኋል? ዱላው ላይ ይለጠፋል፣ አመታታችሁን ስልክ ላይ ይነግራችኋል ያለን። ጋሼ፣ እርስዎ መጥረጊያው ላይ ለጥፈው ሱቁን ጠረጉበት። ስልኩም «ግሩም አመታት» ብሎ አመሰገነዎት። ሰውዬው ሻንጣውን ዘግቶ ሄደ።

አሁን ሳቁ ይብቃንና፣ አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

አዲስ የልምምድ ዕቃ በመጣ ቁጥር አርብ ስንዘጋ ከመደርደሪያው ይጠፋል፤ ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ይገኛል። ጥርጣሬን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ እኔም እርስዎኑ ጠረጠርኩ። እየወሰዱ ያከራያሉ ብዬ ለአቶ አምሃ ተናገርኩ። እሳቸውም አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄደሽ እዪ አሉኝ። ልጅዎ ጌዴዎን በር ከፈተልኝ። ጓሮ ስገባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ያን ሳምንት የመጣውን ከባድ የልምምድ ዱላ ይወዘውዛሉ፤ ላብዎ ይንጠፈጠፋል። ምን እያደረጉ እንደሆነ ብጠይቅዎት፣

«የአሌክሳንድራ ሰፈር ልጆች ትከሻቸውን ሳይሰብሩበት፣ በእኔ ትከሻ ልየው ብዬ ነው» አሉኝ።

ልጄ ፊቤ ያንኑ ዱላ ካልገዛሁ ብላ ስታለቅስ የከለከሏት በዚያው ሳምንት ነው። በምትኩ ኳስ የሚቀመጥበት ተራ የጎማ ማቆሚያ ሰጧት፤ መጀመሪያ ቆሞ የሚጠብቃትን ኳስ መምታት ትልመድ ብለው። እኔ የማይረባ ዕቃ አስታቀፏት ብዬ ተቀይሜ ነበር። ፊቤ ይኸው ዘንድሮ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተመርጣለች፤ ትከሻዋም ደህና ነው።

የእርስዎ ግን ደህና አይደለም። ጡረታ የምወጣው ጉልበቴን አሞኝ ነው ብለውናል፤ እኔ አላምንዎትም። ካርቶን ሲያወርዱ አይቻለሁ፣ ቀኝ ክንድዎ ከደረትዎ በላይ አይወጣም። ያን ቅዳሜ ቤትዎ ለምን እንደመጣሁም እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም። አውቀው ዝም ያሉኝ ይመስለኛል። ሌባ ብዬ ስለጠረጠርኩዎት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ። ለልጄም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በሉ፣ ሁላችሁም ለስላሳችሁን አንሱ። ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ የልጅ ልጅ ለማየት ያብቃዎት። ጋሼ፣ እርስዎም ያንሱ እንጂ። በግራዎ ቢያነሱት እዚህ ማንም አይቀየምዎትም።