ውሃ የማይጠግበው መኪና

ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣውን ዳገት በእግሬ ስወጣ፣ ከመንገዱ ዳር ኮፈኑ የተከፈተ አሮጌ መኪና በእንፋሎት ታፍኖ ቆሞ አየሁ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ታርጋውን ማየት አላስፈለገኝም። በሰፈራችን የፊተኛውን ወንበር ለውሃ ጀሪካን ለቅቆ የሚነዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጎረቤቴ ጋሽ ጀሪካን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ዛሬም ቆመች?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ መምህር። አልቆመችም፤ ትንሽ ጠምቷት ነው። ጠጥታ ትሄዳለች።»

ከሞተሩ ይልቅ የእኔ ደም ፈላ። ምክንያቱም ከኋላ ወንበር ባለቤታቸው እትዬ ተቀምጠዋል። እትዬ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን በማሽን ይታጠባሉ። አራት ሰዓት የሚፈጀው ተራቸው ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ሌላ ሕመምተኛ ስላለ፣ የዘገዩበት ደቂቃ ሁሉ ከእጥበታቸው ላይ ይቀነሳል። ሰዓቴን ሳየው ሦስት ከሩብ ሆኗል። እግራቸው ከማበጡ የተነሳ ጫማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። በዚያ ወር መንገድ ላይ ሲቀሩ ሦስተኛቸው ነበር።

ጋሽ ጀሪካን እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍቱ ሲሉ፣ «አጎቴ፣ እባክዎን እጅዎን ያንሱ!» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። የእህታቸው ልጅ ናት፤ የመኪና ጥገና ተምራ የራሷን ጋራዥ የከፈተች። እትዬ ደውለውላት በሞተር ብስክሌት ደርሳለች።

«ውስጡ እየፈላ ነው፤ ክዳኑ ሲላቀቅ ፊትዎ ላይ ይገነፍላል» አለች።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ ስከፍተው የኖርኩትን ነው የምታስተምሪኝ?»

«ታዲያ የግራ እጅዎ ጠባሳ ከምን መጣ?»

ጋሽ ጀሪካን ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ታክሲ አስቁሜ እትዬን ይዤ ሄድኩ። ብንከንፍም አንድ ሰዓት ሙሉ ከእጥበታቸው ተቀነሰ። ሲመለሱ ጫማው አሁንም አልገባ ብሏቸው በነጠላ ጫማ ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተገናኘን። መኪናው እየተጎተተ መጥቶ እዚያው አድሯል፤ የእህታቸው ልጅ ሞተር መመርመር የሚጀምረው ሲቀዘቅዝ ነው ብላ ነበር። እትዬ «መምህር፣ አንተን ይሰማሃል» ብለው ስለለመኑኝ እኔም ተገኘሁ። ሰውየው በሕይወታቸው አንድም ቀን ሰምተውኝ አያውቁም። ይህንንም ለማረጋገጥ ይመስላል፣ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውሃ አንጠልጥለው መጡ።

«ምርመራ ምን ይሠራል?» አሉ ገና ከመድረሳቸው። «ትሞቃለች፣ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። አለቀ።»

«የጠጣችው ውሃ የት ይደርሳል አጎቴ?»

«ሆዷ ይገባል!»

«ሞተር ውሃ አይጠጣም። ውሃው የሚዞር ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ሙቀቱን ይቀበላል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ሲያልፍ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ከጎደለ ወይ በቀዳዳ ፈስሷል፣ ወይ ፈልቶ ወጥቷል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ተቃጥሏል። የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ውሃ መጨመር በሽታውን መሸፈን ነው።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» አሉ ጋሽ ጀሪካን። ይህቺን ዓረፍተ ነገር በዚያ ጠዋት ስድስት ጊዜ ሰማኋት፤ ልቤ ውልቅ አለ።

ልጅቷ ግን ሥራዋን ቀጠለች። የዘይት መለኪያውን አውጥታ አየችና «ዘይቱ ወተት አልመሰለም፤ ውሃ አልገባበትም» አለች። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጨመቀች፤ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ተጫነች፤ ማራገቢያውን አዟዟረች። ከዚያ በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥማ አየር ሞላችና ጠበቅን። የፓምፑ ግፊት መለኪያ መርፌ ንቅንቅ አላለም፤ የሚያፈስ ቦታ የለም ማለት ነው።

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ጀሪካን፣ ራሳቸው የሠሩት ይመስል ደረታቸውን ነፍተው።

ክዳኑን ገልብጣ አሳየቻቸው። የውስጡ ጎማ ተሰነጣጥቋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በመቀስ የተቆረጠ ቁራጭ ተደርቧል።

«ይህን የቆረጠው ማነው?»

«ባለሙያ ነው የቆረጠው። እኔ ነኝ።»

«አጎቴ፣ ይህ የድስት ክዳን አይደለም። ውሃውን በግፊት አምቆ ከያዘው ቶሎ አይፈላም። ካልያዘው ግን ዳገት ላይ ይፈላና በዚህች ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ውሃዎ የሚሄደው በዚህ ነው።»

ክዳኑን ቀይራ ሞተሩን አስነሳች። ሲሞቅ በእጅ በሚያዝ የሙቀት መለኪያ የራዲያተሩን ፊት ቦታ በቦታ ለካችው። ከላይ ይፋጃል፤ ከታች ግማሹ ቀዝቃዛ ነው። ውሃ አያልፍበትም፣ ተደፍኗል አለችን። አጥፍታ፣ አቀዝቅዛ፣ ከታች ከፈተችውና በውሃ ኃይል ስታጥበው፣ መጀመሪያ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ቅርፊት ወጣ፤ የሠላሳ ዓመት የቧንቧ ውሃ የተወው ነው። «ከእንግዲህ በውሃ ፋንታ የራዲያተር ፈሳሽ ገዝተው ይሞላሉ፤ ልኩንም በየሳምንቱ ያያሉ» አለች። ቀጥሎ ነጫጭ፣ ላስቲክ የመሰለ ብጥስጣሽ ወጣ።

«ይኼስ ምንድን ነው?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ።

ጋሽ ጀሪካን ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመሩ። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጡት እትዬ «እንቁላል ነው» አሉ። «አምና ሲያንጠባጥብ፣ የእንቁላል ነጭ ቀዳዳ ይደፍናል ብለውት ሦስት እንቁላል ጨመረበት።»

«አራት» አሉ ጋሽ ጀሪካን በትንሽ ድምፅ። «ደፍኗል ደግሞ!»

«ደፍኗል አጎቴ። ያልተቀደደውንም አብሮ ደፍኗል።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ይህም አናደዳቸው። አንዱን ጀሪካን ብድግ አድርገው፣ «በቃ፣ አጥበሽዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃዬን ግን አልተውም። አንቺ ፈሳሽ ግዛ፣ በየሳምንቱ እይ፣ ለካ ትይኛለሽ፤ እኔ መኪና ነው የምነዳው ወይስ ልጅ ነው የማሳድገው?» ብለው ግግም አሉ። ልጅቷ የያዘችውን ጨርቅ መሬት ላይ ወረወረችው። እኔም የማውቀውን ምክር ሁሉ ጨርሼ ነበር።

ያን ጊዜ እትዬ ተነስተው ቀስ እያሉ መጡ።

«እግሬ ማበጥ የጀመረ ጊዜ ምን አልከኝ?» ብለው ባላቸውን ጠየቋቸው።

ጋሽ ጀሪካን የባለቤታቸውን እግር አዩ።

«ደክሞሽ ነው፣ ውሃ ጠጪ አልከኝ። ስምንት ወር ውሃ አጠጣኸኝ። ሐኪሙ አንዲት ብልቃጥ ደም ወስዶ በአንድ ቀን የነገረንን፣ እኛ ስምንት ወር በውሃ ሸፈንነው። አልተቀየምኩህም፤ አላወቅህም ነበር። አሁን ግን አውቀሃል።»

ጋሽ ጀሪካን የያዙትን ጀሪካን ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ያወቁት ይመስል ቀስ ብለው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው፣ «የክዳኑ ጎማ የቱ ጋ ነው የተሰነጠቀው? እስቲ እንደገና አሳዪኝ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ልጅቷ ራዲያተሩን ፈትታ ጠርጋ፣ ዝገትና ቅርፊት የማያመጣውን ፈሳሽ ሞላችበት። አጎቷንም አስደገመቻቸው፦ በሳምንት አንድ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የፈሳሹን ልክ ማየት፤ መኪናው ካደረበት ሥር እርጥበት መኖሩን መፈለግ፤ እየነዱ ሙቀት መለኪያውን መቃኘት፤ ከፍ ካለ ቆሞ ማጥፋት፣ ሳይቀዘቅዝም ክዳኑን አለመንካት። ከሁሉም በላይ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ምንም አለመጨመር። ይህ ሁሉ በሳምንት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ መንገድ ላይ የሚቀር ሰው ግን የሚያጣው የራሱን ጊዜ ብቻ አይደለም።

በሚቀጥለው የእጥበት ቀን ጀሪካኖቹ ይቀመጡበት በነበረው የፊት ወንበር ላይ እኔ ተቀምጬ ሄድኩ። ዳገቱን ስንወጣ ጋሽ ጀሪካን ከመንገዱ እኩል መለኪያውን ያዩ ነበር፤ መርፌው መሃል ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ኮፈኑን የከፈተ ሌላ ሹፌር ሲያዩ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ክዳኑን እንዳትነካ! መጀመሪያ ይቀዝቅዝ!» ብለው ጮኹበት። እንግዲህ ደግሞ ይህንን ልንሰማ ነው ብዬ ተነፈስኩ።

ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነበር። እትዬ አራቱን ሰዓት ሙሉ ታጠቡ። ሲወጡ ጋሽ ጀሪካን እንደ ልማዳቸው ነጠላ ጫማውን ይዘው ሊቀበሏቸው ሄዱ፤ እትዬ ግን ጫማቸውን አድርገው ነበር።