ጋሽ ጓንት «እርስዎ» ያሉኝ ቀን

ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ፤ የተላጠ ሽቦ የለበትም፣ ራሴ ፈትሼዋለሁ። ሾፌራችን፣ ሬዲዮኑን ቀንስልኝ። አታጥፋው ግን፣ መብራት ጠፋ የሚል ጥሪ ቢመጣ ዛሬም ተረኞች ነን።

ጋሼ፣ እንደዚያ አይዩኝ። ጠዋት ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ ክፍቱን በር አንኳኩተው፣ «በጡረታ ሽኝቴ ላይ ንግግር እንደሚያደርጉ ሰምቻለሁ፤ እባክዎ ያን የዝናቡን ቀን እንዳያነሱት» ብለውኛል። እኔ «እሺ» አላልኩም፤ «ሰምቻለሁ» ነው ያልኩት። ብርጭቆውን ለጊዜው ላስቀምጠው።

ከመጡበት ቀን ልጀምር። እዚህ ካለነው ያን ቀን የሚያስታውሱት የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ብቻ ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት መጀመሪያ ጋሽ ጓንት ተተከሉ፣ ምሰሶዎቹ ከዚያ በኋላ መጡ። በመጀመሪያው ቀን የጥገናው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ጋሼ ያኔ ጎረምሳ ናቸው። ኋላ በኩል ዞረው የመኪናውን ብረት ኳ ኳ አደረጉና «መግባት ይቻላል?» አሉ። በዚያ ሁሉ ጩኸት ማን ይስማቸው! «ይግቡ» እስኪባሉ እጃቸውን አጣምረው ሲጠብቁ መኪናው ጥሏቸው ሄደ። ማታ ሲመለስም እዚያው ቆመው አገኛቸው ይባላል፤ ይቺ ግን የዕቃ ቤቷ እትዬ የጨመሯት ቅመም ሳትሆን አትቀርም። አይደለም እትዬ? እሺ፣ አፉ በሉኝ።

ስልክ ሲያነሱስ? ደንበኛ ደውሎ «መብራት ጠፋብን» ካለ ጋሼ ብድግ ይላሉ። የደወሉት ባልቴት ከሆኑማ እጅ ይነሳሉ። አንድ ቀን ሾፌሩ «ጋሼ፣ አያዩዎትም እኮ!» ቢላቸው፣ «ቁጭ ያለ ሰው ድምፁም ቁጭ ይላል፤ ይሰማቸዋል» አሉት። ይኸው ዛሬ ክፍሉ በሙሉ ስልክ የሚያወራው ቆሞ ነው። ሂሳብ ክፍልም «እንግዲያው ወንበሮቹን መልሱልን» ብሎናል።

ሌላ ሰው ሲቆጣ ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» ይወርዳል። ጋሽ ጓንት ግን ሲቆጡ ወደ ላይ ነው የሚወጡት፤ ሙያቸው ምሰሶ መውጣት አይደል! «አንተ» ካሉህ ሰላም ነው። «እርስዎ» ካሉህ የሠራኸውን አስብ። «ክቡር» ካሉህ ኮፍያህን አንሳና ቤትህ ግባ። ሾፌሩ መሰላሉን ረስቶ ከከተማ የወጣን ዕለት ምን አሉት? «ክቡር ሾፌር፣ መሰላሉን የተዉት ረስተው ነው ወይስ እንድንበር አስበው?» ሰውየው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሁን የምለውን ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

እኔ ስቀጠር ጋሼ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ «አንቺ ልጅ፣ ጓንትሽን አድርጊ» አሉኝ። «ጋሼ፣ የያዝኩት ወረቀት ነው» ስላቸው «ለወረቀት ያደረገች ለሽቦ አትረሳም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ «አንቺ ልጅ» ማለት የአባት ጥሪ ነበር። ምሳ ሲደርስ «ነይ፣ ቅመሺ»። ምሰሶ ላይ ሆኜ ስፈራ «አይዞሽ፣ ወደ ታች አትዪ፣ እኔን ስሚኝ»። ሥራውን የተማርኩት በዚያች «አንቺ» ነው።

ከዚያ የቡድን መሪ ሆንኩ። ጠዋት ሁሉም ተሰልፎ የሥራ ድልድል ይጠብቃል። ጋሼ ከሰልፉ ፊት ቆሙና «እንደምን አደሩ? የዛሬውን ሥራ ይንገሩን» አሉ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደመጣ አየሁ። ማንም የለም። ሾፌሩ በጆሮዬ «አለቀልሽ፣ ተቀይመውሻል» አለኝ።

መጋዘን ድረስ ተከትያቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም።»

«እሱን አይደል የምጠይቅዎት! ለምን 'አላጠፋሽም' አይሉኝም?»

«ሥራ አለ፣ ይፍቀዱልኝ» ብለው ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። ማታ እናቴ «ሰውየው እንዴት ናቸው?» ስትለኝ «አከበሩኝ» አልኳትና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ወራት እንደዚያ አለፉ። ጋሼ፣ ያን ጊዜ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የዝናቡ ቀን። አይነሱ፣ ቁጭ ይበሉ። ያልፈለጉት ልጁ እንዳያፍር ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ጥድፊያ የምንለውን ይህን የመስመር ሠራተኛችንን አስፈቅጄዋለሁ፤ «እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገረዋለሁ» ነው ያለኝ። ይኸው፣ ራሱን እየነቀነቀ ነው።

ዛፍ ወድቆ ሽቦ በጥሷል፤ ሰፈሩ በቀን ጨልሟል። ክሊኒኩ ውስጥ የምታምጥ ሴት አለች ተብሎ ሰው ዙሪያችንን ከቦ ይጮኻል። «ምን ትጠብቃላችሁ? ሰው ይሙት?» የመስመሩ ኤሌክትሪክ ተቋርጧል፤ ያቋረጡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ጥድፊያ መሰላሉ ላይ ነው፤ ጋሼ ከሥር ይዘውለታል። በዚያ መሐል ዝናቡ ጋብ ሲል ከአንድ አጥር ጀርባ የጄኔሬተር ድምፅ ሰማሁ። «ማንም እንዳይወጣ! ጥድፊያ፣ ውረድ!» አልኩ።

ቁልቁል አየኝና ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያቋረጡት፤ አትፍሪ» ብሎ ሌላ ደረጃ ወጣ። ሰዉም ሳቀ። እንደገና ጮህኩ፤ አልወረደም። ያኔ ሁሉም ዞሮ ወደ ጋሼ አየ። ጥድፊያም እጁን ወደ ሽቦው እንደዘረጋ ቆሞ እሳቸውን አየ።

ጋሼ መሰላሉን ለቀቁ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሄደው ከጎኔ ቆሙ፣ ልክ እንደዚያ እንደ መጀመሪያ ቀናቸው። «አልሰማህም? እርሳቸው አይወጣም ብለዋል። ውረድ» አሉ።

ወረደ። ኤሌክትሪክ ካለ የሚጮኸውን ቴስተር በረጅሙ ዘንግ ወደ ሽቦው ሰደድነው። ጮኸ። አንዱ ቤት ጄኔሬተሩን ከቤቱ ሽቦ ጋር አያይዞት ኖሮ፣ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ወደ እኛ ሽቦ እየመጣ ነበር። ጥድፊያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ጄኔሬተሩን አስጠፍተን፣ እንደገና ፈትሸን፣ ሠርተን ጨረስን፤ ሴትየዋም በሰላም ተገላገለች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ እርስዎም መስመሩ ሞቷል፣ ኤሌክትሪክ የለበትም ብለው አምነው ነበር፣ አይደል?»

«በልጆቼ እምል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰሙኝ?»

ገመዳቸውን እግራቸው ሥር አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔ በሰው ፊት 'አንቺ' ካልኩ ሁሉም 'አንቺ' ይላል። 'አንቺ' ያላትን ሴት ደግሞ ማንም ከምሰሶ ውረድ ስትለው አይወርድላትም። እርስዎ ሲሾሙ ነው የገባኝ። ከበደኝ፤ ግን ለመድኩት» አሉኝ።

ከበደኝ አሉ! እኔ ብቻዬን የተጎዳሁ መስሎኝ ነበር። ጋሼ፣ ያችን የአባት ጥሪ ከራስዎ አፍ ነጥቀው ነው እኔን መሪ ያደረጉኝ። ጥድፊያ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ኬክ የሚበላው በዚያ ነው። አመሰግናለሁ። ይህን ሳልል ቢሄዱ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

ከነገ ጀምሮ አለቃዎ አይደለሁም። ስለዚህ በሁሉም ፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። አንዴ ብቻ፣ እንደ ድሮው ይጥሩኝ።

...

አያችሁ? እንቢ አሉ። በአገጫቸው ወደ ኋላ እያሳዩኝ ነው። እዚያ ማን አለ? አዎ፣ ሰሞኑን የተቀጠሩት ልጆች። ገባኝ ጋሼ። ነገ እነሱን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ።

እሺ፣ ብርጭቆ አንሱ። የእኔንም አነሳሁ። ጋሼ፣ ጓሮዎ ያፍራ፤ ይህ የአትክልት ጓንት ከሁላችንም ነው። ጉልበትዎ አይክዳዎ። የልጅ ልጆችዎ በር ሲያንኳኩ ቶሎ «ግቡ» ይበሏቸው፣ ውጭ ቆመው እንዳይቀሩ። ባለቤታቸው እትዬ፣ «ክብርት» ካሉዎት ደግሞ ነገር አለና ይጠንቀቁ።

ከጠጣን በኋላ እስከ ግቢው በር ብቻዬን የምሸኝዎት እኔ ነኝ፤ እዚያ የሚሰማን የለም። ሾፌራችን፣ ጥድፊያ፣ እናንተም ከኋላ ያላችሁ፣ አንድም ሰው እንዳይከተለን። ለጤናዎ፣ ጋሼ!