ትከሻቸው ላይ የቀረው እጅ

ዛሬ የምንሰናበታቸው ታላቅ ወንድሜ፣ የሥዕል መምህሩ፣ ለሰዓት ሠሪው አባታችንና ለልብስ ሰፊዋ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወልደው፣ ገና ድክ ድክ ሲሉ የተፈታ ሰዓት እየበተኑ አደጉ። እናታችንም፣ ይህ ልጅ እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጠው እያሉ ያማርሩ ነበር።

ትምህርታቸውን ፈጽመው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተቀጠሩ ጊዜ፣ ተማሪው ብርጭቆና ፍራፍሬ ሊሥል ሲጠብቅ፣ እርሳቸው የሳሙና መጠቅለያና የጋዜጣ ፎቶግራፍ ይዘው ገብተው፣ ግማሹን በወረቀት ሸፍነው፣ ምን ታያላችሁ፣ በምን አወቃችሁ፣ ከጠርዙ ውጭ የቀረውስ ማን ነው እያሉ በወንበሮች መካከል ይንጎራደዱ ነበር። ተማሪዎቻቸውም «ጋሼ ለምን» የሚል ስም አወጡላቸው።

ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። በሠርጋቸው ዕለት ፎቶ አንሺውን ቦታ ሲያስለውጡ ስለዋሉ፣ ሙሽሪት ብቻቸውን የቆሙበት ፎቶግራፍ ይበዛል።

ከስምንት ዓመት በፊት ተማሪዎቻቸው የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ መርምረው፣ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ቤተ ሙከራ የእኛ አይደለም፣ የእኛ መስኮት እንዲህ ሰፊ አይደለም ብለው አጋለጡ። ርእሰ መምህሩም አፍሮና ተቆጥቶ፣ የሥዕልን ክፍለ ጊዜ ሰርዞ ለሒሳብ ሰጠው። ያ ርእሰ መምህር እኔ ነበርሁ።

እርሳቸው ግን በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆመው ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ እኔም በሌላው በር መውጣት ለመድሁ። የልብ ሕመም ጥሎአቸው ሆስፒታል በገቡ ጊዜም፣ ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈው ሥዕል አስታማሚዎቹን ሲጠይቁ ድምፃቸውን ከበሩ ውጭ ሰምቼ፣ ለመግባት ድፍረት አጥቼ ተመለስሁ። በማግሥቱ ዐረፉ።

ይህን ከፊታችን የቆመውን ፎቶግራፍ የመረጥሁት እኔ ነኝ። አብረን የተነሣነው ነበርና፣ ከጎናቸው መታየት አፍሬ ራሴን ቆርጬ አወጣሁ። ትናንት ሊያጽናኑን የመጡት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ገና ከበር ሳያልፉ፣ ትከሻቸው ላይ ያለው ጣት የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም ወንበር ላምጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጋሼ ለምን በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ሲለዩን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ማየት ያስተማሯቸውን እነዚህን ሁሉ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። በምድር አንድ ቀን ያላረፈችውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን።

ልጆቼ፣ ትናንት ለጠየቃችሁኝም፤ እጁ የእኔ ነው።