ፓውዛዬ የበተነው ገበያ

መብራት ገበያ ይበትናል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የፒክአፔ መብራት እንደ ኩራዝ ደክሞ ጭጋግ ውስጥ መንገድ አላሳይ ቢለኝ፣ አምቦ ላይ የፊቶቹን ሁለቱን በአዲስ አስቀየርኩ፤ አላስችል ብሎኝ ጣሪያው ላይ ሁለት ፓውዛ አስጨመርኩ። በማግስቱ ጭጋጋማ ጠዋት ጨው ጭኜ፣ አራቱንም ቦግ አድርጌ፣ እንደ ሙሽራ እየተኩራራሁ እንጭኒ ገበያ ገባሁ። ወዲያው ገበያው ተተራመሰ። ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ዕቃውን እየጣለ ገበያው ዳር ወዳለው የስንዴ ማሳ ነጎደ። የቀሩት ሴቶችና ሽማግሌዎች በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ።

ምን አጠፋሁ እያልኩ ጨዬን ላወርድ ሸራውን ስገልጥ፣ አንድ ወጣት ጆንያዎቹ መሃል ተጣብቆ ተኝቷል። ለካ ሰው ሲሮጥ አይቶ ሮጦ፣ መደበቂያ ቢያጣ ከኋላ በኩል የኔው ሸራ ስር ገብቷል!

«ጋሼ፣ ለእናቴ አንድ ነኝ፤ አይውሰዱኝ» አለኝ።

«ወዴት ነው የምወስድህ?»

«ለውትድርና ነዋ! ባለፈው ገበያ ጓደኞቼን ያፈሷቸው በእንዲህ ያለ መኪና ነው፤ ጣሪያው ላይ መብራት ባለው።»

«ወላሂ፣ የጫንኩት ጨው ነው!»

አላመነኝም። ጣቱን ጆንያው ላይ አሽቶ ላሰ። ከዚያ ዘሎ ቆመና ወደ ማሳው ዞሮ በኦሮምኛ «ሶጊዳ! ሶጊዳ!» ጨው ነው፣ ጨው ነው እያለ ጮኸ። ጭጋጉ እየተገፈፈ ነበር፤ ከስንዴው መሃል አንድ ራስ ብቅ አለ፣ ሌላም፣ ሌላም፤ ማሳው ሁሉ ሰው ሆኖ እየሳቀ ተነሳ። እኔ ግን ሳቃቸው እስኪያልቅ አልጠበቅኩም፤ ፓውዛዎቹ ወዳሉበት ጣሪያ ወጣሁ።

«መፍቻ ያለው ሰው አለ?» አልኩ።