ሠላሳ ኩንታልና ሁለት ቦርሳ

በእህል በረንዳ ሰኞ ጠዋት ሰው ከሰው የሚገናኘው ተፈላልጎ ሳይሆን ተገፍቶ ነው። ጋሽ ብርሃኔም ልጃቸውንና አማቻቸውን ያገኟቸው እንዲሁ ነበር። «ጀርባ! ጀርባ!» እያለ የሚጮህ ባለጋሪ ወደ አንድ ሱቅ ደጃፍ ሲገፋቸው፣ ከዚያው ሱቅ ከምትወጣ ሴት ጋር ተላተሙ። ይቅርታ ሊጠይቁ ቀና ቢሉ ሐመልማል ናት፣ የገዛ ልጃቸው። ከኋላዋ ባሏ ቶማስ ቆሟል። በሁለቱም ትከሻ ላይ አንዳንድ አዲስ የጀርባ ቦርሳ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ብርሃኔ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ። «ትምህርት ቤት ልትገቡ ነው?»

«የሐሙሱ ጓዛችን ነው፣ አባዬ» አለች ሐመልማል እየሳቀች።

«ቀሪውስ?»

«ይኸው ነው፣ አባባ» አለ ቶማስ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

ሐሙስ ማለት ባልና ሚስቱ ወደ ማላዊ የሚበሩበት ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በአንድ የገጠር መንደር ሦስት ዓመት እንዲያገለግሉ መድባቸዋለች። እሷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ እሱ በግብርና የተመረቀ ነው። ጋሽ ብርሃኔ ደግሞ አርባ ዓመት በእህል ንግድ የኖሩ፣ በጸሎት ቤት ከፊት ወንበር የማይጠፉ፣ እጃቸው የተፈታ ሰው ናቸው። አንድ አመል ብቻ አለባቸው። ሰው የሚያማክሩት ከወሰኑ በኋላ ነው።

«ኑ ተከተሉኝ» አሉ።

መጋዘናቸውን ሲከፍቱት ጥንዶቹ በር ላይ ደርቀው ቀሩ። ጤፉ፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ሽምብራው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ሠላሳ ኩንታል። በጎኑ የልብስ ክምር አለ። ከክምሩ ውስጥ ባለ ገበር ካፖርት፣ አራት ጋቢና አንድ የሙሽራ ቬሎ ብቅ ብቅ ብለዋል። የማላዊን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ካፖርቱ ብቻውን ያስቃል።

«የበረንዳው ሰው ያዋጣላችሁ ነው» አሉ ጋሽ ብርሃኔ ደረታቸውን ነፍተው። «በሞያሌ በኩል የሚሄድ ካሚዮን እያፈላለግሁ ነው።»

«ሁለቱ ኩንታል ሽምብራ የእኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከአጥር ማዶ መጣ። የድምፁ ባለቤት የጥራጥሬ ነጋዴዋ እትዬ ሰዓደት ናቸው፤ የጋሽ ብርሃኔ የሃያ ዓመት ጎረቤት፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ገበናና ደስታ ከጆሯቸው የማያመልጥ። ወዲያው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉና አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

ሐመልማል ባሏን አየችው። ቶማስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ ልፋትዎን እግዚአብሔር ይቁጠርልዎ። ግን ይህን ይዘን መሄድ አንችልም። መጫኛ አጥተን አይደለም። መጫኛ ብናገኝም አንወስደውም።»

ጋሽ ብርሃኔ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። «ስማ፣ ቶማስ። እኔ ልጅ ሳለሁ ወደ አገራችን የመጡት ፈረንጆች ዱቄቱንም ዘይቱንም ልብሱንም ጭነው ነበር የመጡት። የአገልግሎት ሰው እንዲያ ነው የሚሄደው። ዛሬ ተራው የእኛ ሲሆን በተማሪ ቦርሳ?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። አይፈረድባቸውም። በልጅነቱ ለዱቄት የተሰለፈ ሰው፣ በስተርጅናው ሰጪ ሆኖ መታየት ቢያምረው ምን ይገርማል? ክፋቱ፣ ተቀባዩ ምን እንደሚሻ ሳይጠይቁ ነበር ሰጪ የሆኑት።

«ነገሩ ሌላ ነው፣ አባባ...»

«ሌላ የለም! ይህን ሁሉ ሰው አስቸግሬ ነገ በየትኛው ፊቴ ልቆም ነው? አንገቴን ልታስደፉኝ? እንግዲያው ስሙ። ባዶ እጁን ሰው ቤት የሚሄድን እኔ አልመርቅም።»

የሐመልማል ሳቅ ጠፋ። እናቷ ካረፈች ወዲህ የአባቷን ምርቃት ሳትቀበል መንገድ ወጥታ አታውቅም። «ያለ ምርቃትህ አውሮፕላን ውስጥ አልገባም፣ አባዬ። ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ!» አሉ። በእርግጥም ያውቁ ነበር፤ የዛቱትም ስለሚያውቁ ነው። ወዲያው ግን ቆጫቸው፤ ቃላቸውን እንዳያነሱ ኩራታቸው ስለያዛቸው አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

ሐመልማል አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷን በጩኸት የረታቸው ሰው እንደሌለ ታውቃለች። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ነገ ጠዋት አንድ የውጭ አገር መኪና በረንዳው አፍ ላይ ቆሞ ጤፍ በነጻ ማደል ቢጀምር ምን ታደርጋለህ?»

«አጨበጭባለሁ። ድሃ ጠገበ ማለት ነው።»

«በሳምንቱስ?»

ጋሽ ብርሃኔ ትንሽ አሰቡ። «በሳምንቱማ ዝንብ እሽ እያልኩ እቀመጣለሁ። ማን ሊገዛኝ?»

«በወሩ?»

«እዘጋለሁ፣ እንጂ ምን አደርጋለሁ?» አሉና በራሳቸው መልስ ተገረሙ። አንድ የድሮ ነገር ትዝ ብሏቸውም ሳይጠየቁ ቀጠሉ። «አንድ ዘመን የእርዳታ ስንዴ ከየት እንደሾለከ ሳይታወቅ ገበያው ላይ ፈሰሰ። ከአርሲ ስንዴ የሚያመጣልኝ ገበሬ ነበር፤ የጫነውን ሳያራግፍ ተመለሰ። በዓመቱ ስንዴ አልዘራም፤ ለማን ብሎ ይዝራ? የነጻውም መምጣቱን አቆመ። ያን ጊዜ...»

«ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜ የነጻውም የገበሬውም ጠፋ» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ሰዓደት ጉልበታቸውን መቱ። «ኧረ ጋሽ ብርሃኔ! ራስዎ ከሰሱ፣ ራስዎ ፈረዱ!»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ» አሉ ጋሽ ብርሃኔ፤ ነገር ግን ከንፈራቸው ፈገግ ማለት ጀምሯል። «የተራበ ሲኖርስ? የተራበ እኮ ገበያ አይጠብቅም።»

«ልክ ነው» አለ ቶማስ። «ረሃብ ሲገባ እህል መድረስ አለበት፤ እሱን የሚክድ የለም። የምንሄድበት መንደር ግን በቆሎ ያመርታል፤ ነጋዴም አለው። እኛ በነጻ ብናድል፣ ያንን የአርሲ ገበሬ እዚያ ሄደን ማክሰራችን ነው።»

«እሺ፣ ገባኝ። ታዲያ ቦርሳው ውስጥ ምን ይዛችሁ ልትሄዱ ነው? ወሬ?»

ቶማስ ስልኩን አወጣ። የመንደሩ ፓስተር የላኩትን ደብዳቤ እየተረጎመ አነበበላቸው፦ «ልብስ አትላኩልን፤ ልብስ ሰፊዎች አሉን። ለሚወልዱ ሴቶቻችን የአካባቢውን አዋላጆች የምታሠለጥን እህት እንፈልጋለን። ቋንቋችንን ለመማር የሚታገሥ ይምጣ። ደግሞም በቆሎአችንን በሦስት ወር ውስጥ ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ መላ የሚያውቅ ካለ...»

«ነቀዝ?» አሉ ጋሽ ብርሃኔ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። «ነቀዝ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ አባባ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በመጽሐፍ ተምሬዋለሁ፤ አንድ ኩንታል እንኳ አስቀምጬ ግን አላውቅም።»

«አርባ ዓመት ከነቀዝ ጋር የተዋጋ አማት እያለህ?»

እንዲህ ብለው ቶማስን ክንዱን ይዘው ወደ ጆንያዎቹ ወሰዱት። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ የእህሉን ሆድ እንዲዳስስ አደረጉት፤ ሙቀት ካለው ችግር አለ። አንዲት ፍሬ በጥርሱ እንዲሰብር አዘዙት፤ ደረቅ እህል ቀጭ ይላል፣ እርጥብ ግን ይጨፈለቃል። ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከግድግዳም አይጠጋም፤ የአምናው ከዘንድሮው ጋር አንድ ቤት አያድርም። ቶማስ ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ እንደገና ይጽፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ካፖርቱን ያስታወሰ አልነበረም።

«ይህን ሁሉ ለምን ቀድመህ አልጠየቅከኝም?»

«አጥፍቻለሁ፣ አባባ» አለ ቶማስ ፊቱ ቀልቶ። «እውቀት ሲባል መጽሐፉን ብቻ እያየሁ ነበር።»

እንግዲህ የተማረውም ተማረ ማለት ነው። መጠየቅ ለሽማግሌ ብቻ የታዘዘ መድኃኒት አይደለም።

ሠላሳው ኩንታል ግን አሁንም አለ። ጋሽ ብርሃኔ ለየባለቤቱ ሊመልሱ ሲያስቡ እትዬ ሰዓደት እጃቸውን አወናጨፉ። «ለአላህ ብዬ ያወጣሁትን ወደ ሱቄ አልመልስም! ሌላ ይፈለግለት።»

«ታዲያ ለማን?» አሉ ጋሽ ብርሃኔ።

«እኔም አላውቅም» አለች ሐመልማል። «ግን ከበራችሁ ላይ የፈሰሰ እህል እየለቀሙ የሚያበጥሩ ሴቶች አሉ። ለምን እነሱን አትጠይቋቸውም?»

ጋሽ ብርሃኔ ወጡ። ቃሊ የምትባለው፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ወንፊቷን ይዛ አቧራ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። በየጠዋቱ ሰላም እየተባባሉ ሃያ ዓመት ኖረዋል።

«ቃሊ፣ ምን ቢደረግላችሁ ትወዳላችሁ?»

«እኛን ነው፣ ጋሼ?» አለች ግራና ቀኟን አይታ። ቀልድ አለመሆኑን ስታረጋግጥ ሳትግደረደር ተናገረች። «ጥላ። ፀሐዩ አናታችንን ጨረሰው። ፊታችንን የምንታጠብበት ውሃም ቢኖር። እህሉንስ ሠርተን እንገዛዋለን።»

ጋሽ ብርሃኔ አፈሩ። ሃያ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር አንዳንድ ጣሳ ሽሮ ሰጥተዋቸዋል፤ አንድም ቀን አልጠየቋቸውም።

ረቡዕ ጠዋት አዋጪዎቹን ሰበሰቡና ራሳቸው ጆንያ ላይ ወጥተው ተናገሩ። «ስሕተቱ የእኔ ነው። ሳልጠይቅ ሰበሰብኩ። እህሉ እዚያ ቢደርስ የሰውን ገበያ ያበላሻል፤ ልብሱ ልብስ ሰፊውን ሥራ ያስፈታል። ዛሬ የሰጠነው ነገ ያልቃል። ልጆቼ የሚያስተምሩት ግን እነሱ ከተመለሱ በኋላም እዚያው ይቀራል፤ ሴቲቱ በሰላም ትወልዳለች፣ በቆሎው እስከሚቀጥለው አዝመራ ይቆያል፣ ማንም የማንንም እጅ አያይም። ስለዚህ እህሉ ይሸጥና እዚህ በራችን ላይ ለሚያበጥሩት ሴቶች የቆርቆሮ ጥላና የውሃ ሮቶ ይሁን። ካፖርቱንም ሌላውንም ልብስ የሚበርደው ተሸካሚ መርጦ ይውሰድ። ማን ይቃወማል?»

አንድ ሁለቱ አጉረመረሙ። አንዱ «ቬሎውስ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። የተቃወመ ግን አልተገኘም። ጋሽ ብርሃኔ የፈሩት ውርደት የት እንደገባ ጠፋቸው፤ እንዲያውም የበረንዳው ሰው ከመቼውም ይልቅ አከበራቸው።

ከዚያ ከሰዉ መካከል ቆመው ሲሰሙ የነበሩት ጥንዶች መጥተው በፊታቸው ተንበረከኩ። ጋሽ ብርሃኔ እጃቸውን በሁለቱም ራስ ላይ ጫኑ።

«የሚጠይቅ አንደበት፣ የሚሰማ ጆሮ ይስጣችሁ።»

«አሜን!»

«እንግዳ ሆናችሁ ግቡ፣ ቤተኛ ያድርጋችሁ። እጃችሁ የነካው ይባረክ። በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ።»

«አሜን!» አለ በረንዳው። የእትዬ ሰዓደት «አሚን» ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ። ሐመልማል የአባቷን ጉልበት ስማ አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ፣ ማንም እንዳያያቸውም አልተደበቁም።

እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ልጃቸውን ጠጋ ብለው በለሆሳስ አነጋገሯት።

«ሐመልማልዬ፣ እዚያ ስትደርሺ አንድ ነገር ጠይቂልኝ።»

«ምን ልጠይቅልህ፣ አባዬ?»

«አንድ ሽማግሌ የእህል ነጋዴ ያስፈልጋቸው እንደሆነ። ከፈለጉኝ እመጣለሁ፤ ካልጠሩኝ ግን አልመጣም።»