ሦስተኛው ጥሪ

(ሰው የማይኖርበት የቆላ ቀርከሃ ጫካ፣ ጉም የዋጠው የክረምት ቀን፤ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ የቀረባቸው አዛውንቱ ጓንጉልና ነፍሰ ጡሯ የልጃቸው ሚስት ውብነሽ ከወደቀ ግንድ ሥር ተሸሽገዋል፤ ሽማግሌው ክንዷን ጨምድደው ይዘዋል።)

ውብነሽ፦ ይልቀቁኝ አባባ! እሱ ነው፣ ልጅዎ ነው! ሲጠራኝ አልሰሙም?

ጓንጉል፦ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። ዝም በይ አልኩሽ!

ውብነሽ፦ የገዛ ልጅዎ ሲጣራ እንዴት አቤት አይሉትም?

ጓንጉል፦ ሾፌራችን ቢያድግልኝ ትናንት አቤት ብሎ ምን አተረፈ? መኪናዋን ስንገፋ ከጫካው ውስጥ አንድ ድምፅ «ቢያድግልኝ» አለው፤ «አቤት» ብሎ ገባ። ያገኘነው አንድ እግር ጫማውን ነው።

ውብነሽ፦ እሱን አውሬ በልቶት ይሆናል።

ጓንጉል፦ ስም ጠርቶ የሚበላ አውሬ የት አገር አየሽ?

ውብነሽ፦ ልጅዎ እኮ የሄደው ለእኛ ብሎ ነው! መውጫ ፈልጌ መጣሁ ብሎ ከጠዋት እንደወጣ ነው። እግሩ ተሰብሮ ወድቆ ቢሆንስ? እኛ እዚህ ተወሽቀን እሱ እየተጣራ ቢሞትስ?

ጓንጉል፦ እኔ ይኼን ያላሰብኩት መሰለሽ?

ውብነሽ፦ ታዲያ እንዴት ቻሉት?

ጓንጉል፦ ማን ቻለው? አንቺን የያዝኩ ይመስልሻል፤ የያዝኩት ራሴን ነው።

ውብነሽ፦ ይኸው፣ ይስሙት! «ውብነሽ... ውብነሽ...» የጉሮሮው መሻከር እንኳን አልቀረ። ድምፁን አላጣውም እኮ አባባ!

ጓንጉል፦ ስንት ጊዜ ጠራሽ?

ውብነሽ፦ ሁለቴ።

ጓንጉል፦ ቅድምስ?

ውብነሽ፦ ቅድምም ሁለቴ። ሁለቴ ይልና ዝም ይላል። ምን አለበት?

ጓንጉል፦ በእኛ አገር በረሃ የገባ ሰው ሦስቴ ካልተጠራ አቤት አይልም። አባቴ አደን ሲወስደኝ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይኼንን ነው። እኔም ለባልሽ አስተምሬዋለሁ። ሰው ከሆነ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ሌላው ሁለት ላይ ይቆማል።

ውብነሽ፦ ጉልበት አጥቶ ይሆናላ! ደክሞት... ቆይ! ሰሙ? ሦስት አለ! አባባ፣ ሦስተኛውን ጠራኝ! አሁንስ ይልቀቁኝ!

ጓንጉል፦ ተቀመጪ!

ውብነሽ፦ ደግሞ ምን ቀረዎት? ራስዎ ያሉትን አደረገ!

ጓንጉል፦ እሱ ነው ያስፈራኝ። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሲል ውሎ፣ እኔ አፌን ከፍቼ ሦስት ስል ሦስት አለ።

ውብነሽ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ጓንጉል፦ ድምፅሽን ቀንሺ። እያዳመጠን ነው ማለቴ ነው። ሹክሹክታችንን ከሰማ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ውብነሽ፦ ወይኔ እናቴ! ልጁ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ።

ጓንጉል፦ አይዞሽ። ተደገፊኝ።

ውብነሽ፦ እሱ ከሆነስ ግን? ቅድም ደክሞት፣ አሁን ጉልበት አግኝቶ ከሆነስ? ሳላጣራ ትቼው ብሄድ ነገ ለዚህ ልጅ ምን እለዋለሁ? አባትህ ሲጠራኝ ዝም አልኩት ልበለው?

ጓንጉል፦ ...እንግዲያው አንቺ ጥሪው። መጥራት አቤት ማለት አይደለም። በስሙ ጥሪው።

ውብነሽ፦ በስሙ? እኔ?

ጓንጉል፦ አንቺ።

ውብነሽ፦ ከተጋባን ጀምሮ «አያ» እንጂ ስሙ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። በእርስዎ ፊት ደግሞ! ባለቤትዎ እማማ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?

ጓንጉል፦ እማማ እዚህ ብትኖር በዱላ እያባረረች ነበር የምታስጠራሽ። ጆሮሽን አምጪ፣ እንዳይሰማን፤ ለዚሁ እኮ ነው ጥሪው የምልሽ። የእኛ አገር ሚስት ባሏን በስሙ እንደማትጠራ ይኼ ነገር አያውቅም። ልጄ ግን ከአንቺ አፍ ስሙን ቢሰማ፣ ነፍሱ ልትወጣ ብትሆን እንኳን አንድ ነገር ይላል። ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይስቃል።

ውብነሽ፦ ይስቃል። እሱ ይስቃል።

ጓንጉል፦ በይ እንግዲህ።

ውብነሽ፦ አፌ እምቢ አለኝ።

ጓንጉል፦ ለባልሽ ነው፣ ልጄ።

ውብነሽ፦ መኳንንት! ...መኳንንት!

ጓንጉል፦ ዝም። እናዳምጥ።

ውብነሽ፦ ...መለሰ።

ጓንጉል፦ «መኳንንት» ብሎ መለሰ።

ውብነሽ፦ በእኔ ድምፅ! አባባ፣ የእኔ ድምፅ ነው! የገደል ማሚቶ ነው ይበሉኝ!

ጓንጉል፦ በዚህ ዙሪያ ምን ገደል አለና? ...እንግዲህ ልጄ የለም።

ውብነሽ፦ እንደሱ አይበሉ! አይበሉብኝ!

ጓንጉል፦ አልቅሺ፣ ግን እየሄድሽ አልቅሺ። የወንዙ ድምፅ ይሰማሻል? እሱን ይዘሽ ቁልቁል ውረጂ፤ ቀርከሃ ቆራጮች ወንዝ ዳር ነው የሚሰፍሩት፤ ከእነሱ ያደርስሻል። ማንም ቢጠራሽ እንዳትመልሺ። በባልሽ ድምፅም ቢሆን፣ በእኔ ድምፅም ቢሆን።

ውብነሽ፦ በእርስዎ ድምፅ? እርስዎ አብረውኝ አይደል የሚሄዱት?

ጓንጉል፦ በዚህ ጉልበቴ ቁልቁለት ልወርድ? ደግሞ ጥሪሽን ሰምቶ ቀርቧል፤ ቀርከሃው ሲነቃነቅ አይታይሽም? ሰው ካልመለሰለት ሁለታችንንም አይለቅም።

ውብነሽ፦ እባክዎ አባባ! እግርዎ ላይ ልውደቅ! አቤት አትበዪ ሲሉኝ የዋሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?

ጓንጉል፦ የልጅ ልጄን ይዘሽ ሂጂልኝ! ...ስሚው፣ አሁን ደግሞ እኔን ነው። በእሱ ድምፅ «አባዬ» ይለኛል።

ውብነሽ፦ እሱ አይደለም! አለመሆኑን ያውቃሉ እኮ!

ጓንጉል፦ አውቃለሁ። ...አቤት ልጄ! አቤት! እዚህ ነኝ!